ያንተዋ ተርፋለች

ጥቅምት 4

ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ፤

ይህ ወረቀት አንተንም፣ ባለቤትህንም፣ እማዬንም ጤናችሁ ሳይጓደል፣ ሳቃችሁ ሳይቀንስ ያግኛችሁ። እኔ ደህና ነኝ። በስልክ ያልነገርኩህ እማዬ ሁልጊዜ ጆሮዋን ከጆሮህ ጋር ስለምታጣብቅ ነው። እሷ እንድትሰማው የማልፈልገው ነገር ስላለ በደብዳቤ አደረግሁት። አንብበህ ኪስህ ክተተው።

ባለፈው ወር አደጋ ደረሰብኝ። እኔን እንኳ ምንም አልነካኝም። ጠዋት ነው፣ አውቶቡሱ ጢም ብሏል። መብራቱ ለቆልኝ ወደ ቀኝ ስታጠፍ አንዲት ሳይክል የምትነዳ ሴት መንገዱ አንሸራትቷት ከፊት ጎማዬ ሥር ገባች። ፍሬኑን ረገጥኩት፤ ድምፁን ግን ሰማሁት። እግሯ ክፉኛ ተሰብሯል። ሆስፒታል ተኝታለች፤ ነፍሷ ግን ተርፏል። የትራፊክ ፖሊሱም ጥፋቱ የኔ እንዳልሆነ ጽፏል።

የሚገርምህ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አለቃዬ እዚያው መንገዱ ላይ ድረስ መጣና ቁልፉን ከእጄ ተቀብሎ «ዛሬ አትነዳም፤ ነገም አትነዳም» አለኝ። ያባረረኝ መስሎኝ ነበር። ለካ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ነው። አደጋ የደረሰበት ሾፌር ሐኪም «ይችላል» ሳይል መሪ አይጨብጥም። ደመወዜም አይነካም። በዚህ ላይ በሳምንት ሁለት ጊዜ መሥሪያ ቤቱ የቀጠራት የሥነ ልቦና አማካሪ ዘንድ እሄዳለሁ። ጠባብ ክፍል ናት፤ ሁለት ወንበርና አንድ መስኮት። ቁጭ ብዬ አወራለሁ፣ በቃ። ሙሉ ሰው ሆኜ ሳልሠራ መብላቴ ያሳፍረኛል።

ላንተ የገዛሁትን ጃኬት ወደ አገር ቤት ለሚመለስ ሰው ሰጥቻለሁ፤ እጅህ ሲገባ አሳውቀኝ። ለእማዬ ምንም እንዳትነግራት።

ወንድምህ ትንሹ

ጥቅምት 21

ለትንሹ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፤ የመጣብህ ክፉ ነገርም ከደጃፍህ ይመለስ። እንኳን ሴትዮዋ ተረፈች፣ እንኳን አንተም ተረፍክ። እማዬ ደህና ናት። ጉልበቴን ትላለች እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ጃኬቱም ደርሷል። እጅጌው ጣቴን ውጦ አስቀርቶታል። ወይ እኔ አጥሬያለሁ፣ ወይ አንተ የወንድምህን ቁመት ረስተሃል።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለት ወንበርና አንድ መስኮት። እኛ ዴፖ ያለውን ክፍል ታውቀዋለህ፤ የስምሪት ቢሮው። አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ላይ ፊሽካ ተቀምጦበታል። ስምሪት ኃላፊያችን ነው፤ ፊሽካ ከአፉ ስለማይለይ እናቱ ያወጣችለትን ስም ከረሳነው ቆይተናል። «ራሴን አሞኛል» ብትለው «ውሃ ጠጣበት» ይልሃል። «ልቤ ይመታል» ብትለው «ካልመታማ ሞተሃል» ይልሃል። ከዚያ ቁልፍህን ከሰሌዳው ላይ አውርዶ ይወረውርልሃል። የኛ አማካሪ እንግዲህ እሱ ነው።

አንተም ሾፌር ነህ፣ እኔም ሾፌር ነኝ። መሪ ያስጨበጥኩህ እኔ ነኝ፤ ማርሹን እያንኮራኮርክ ጆሮዬን ያደነቆርከው እኔን ነው። ያንተ ልብ ከምን ቢሠራ ነው ወንበር የሚዘጋጅለት? እየቀለድኩ ነው። ግማሹን እየቀለድኩ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ያንተዋ ተርፋለች። እግር ይጠገናል፤ ሴትዮዋም ነገ ተነገ ወዲያ ሳይክሏን ትነዳለች። ስለተረፈች ሴት በሳምንት ሁለት ቀን ምን ተብሎ ይወራል? በጣም ነው ያማረብህ።

የሚመጣ ሰው ካገኘህ የፀሐይ መነጽር ላክልኝ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትመጣብኛለች።

ወንድምህ

ኅዳር 27

ለጋሼ፤

የዘገየሁት ሰው አጥቼ አይደለም፤ ተቀይሜህ ነው። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። ቢሆንም ጤናህን፣ የቤትህን ጤና፣ የእማዬን ጉልበት ጤና እመኛለሁ። መነጽሩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው።

ምን ተብሎ ይወራል ላልከኝ፣ መጀመሪያ እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር። አማካሪዋ ብዙ አትናገርም። አንድ ቀን «ድምፁ የሚመጣብህ የት ስትሆን ነው?» አለችኝ። ገበያ ውስጥ አንድ ሰው የፕላስቲክ ሳጥን ሲረግጥ አልኳት። ሳጥኑ ሲሰነጠቅ እጄ በላብ ይጠመቃል። የያዝኩትን ዕቃ ጥዬ የወጣሁበት ቀን አለ። የተረፈች ሴት እንዲህ ታደርጋለች ጋሼ። እኔም አላውቅም ነበር።

አማረብህ ያልከኝን ደግሞ ልንገርህ። ከዚያች ክፍል ስወጣ የምሄደው የተከራየሁት ክፍል ነው። በሩን ስከፍት «መጣህ?» የሚለኝ ፍሪጁ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ጨዋ ናቸው። በጣም ጨዋ ስለሆኑ ካደጋው ወዲህ ሻይ ቤቱ ውስጥ ስገባ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። አንተ ስትገባ ግን እማዬ ትጮህብሃለች፣ ሚስትህ ሳህን ታቀርብልሃለች፣ ጎረቤቱ ሬዲዮኑን ይዞ ይመጣል። በስልክ ስትስቁ ከኋላ እሰማችኋለሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ምን እንዳሳቃችሁ ሳስብ የምቆይበት ጊዜ አለ። የምትቀናው አንተ ብቻ እንዳልሆንክ እወቅልኝ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። «ያንተዋ ተርፋለች» ያልከው ለምንድን ነው? ያልተረፈ ያለ ይመስል።

ወንድምህ

ጥር 9

ለትንሹ፤

እንደምን ከርመሃል? ቀኑ ይቅናህ፣ መንገዱ ይስፋልህ። መነጽሩ ሸጋ ነው፤ ፊሽካ ሁለት ጊዜ ተውሶኝ አንዴ ብቻ መለሰልኝ። እማዬ አዲስ ምርኩዝ ተገዝቶላታል። ለመሄጃ ሳይሆን እኔን ለመጥሪያ ነው የምትጠቀምበት፤ ወለሉን ትደበድበዋለች። ጣሪያው ያፈሰውም ተደፍኗል። ሁሉ ደህና ነው።

ዴፖ ውስጥ የሆነውን ላጫውትህ። አንድ ባልደረባችን በቀደም ያለወቅቱ ዝናብ እየጣለ ሲነዳ፣ አንድ ሰው አውቶቡሱን ሊይዝ እጁን አንስቶ ከማዶ ይሮጣል። ምንም የለም፤ ሰው ሁልጊዜ ይሮጣል። ሰውየው ገና ሩቅ ነው። ባልደረባችን ግን ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረገጠውና ተሳፋሪው ሁሉ እርስ በርሱ ተደራረበ። ከዚያ ቀጥ። መሪውን ጨብጦ ቀጥ! ሰው ይሳደባል፣ ከኋላ ጥሩንባ ይነፋል፣ እሱ ግን እጁ አልለቀቅ ብሎታል። ትኬት ቆራጯ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀችለት። ሻምበል ከኋላ በሌላ አውቶቡስ ሲመጣ አይቶ፣ ተሳፋሪውን እሱ ላይ ጭነው ገላገሉት። ሻምበልን ታስታውሰዋለህ፤ ወታደር ሆኖ የማያውቅ፣ አረማመዱ ግን ሰልፍ ላይ ያለ የሚመስለው አንጋፋው ሾፌር። ለፊሽካ ፍሬኑ ነክሶ ነው ብለው ነገሩት። እኛ ዘንድ ፍሬን ይታመማል፤ ሾፌር አይታመምም።

ለዚህ ባልደረባችን ብዬ ነው፤ ያቺ አማካሪህ የምትጠይቅህን ጥያቄዎች ጻፍልኝ። ሌላ ምንም ዕቃ አትላክ።

ወንድምህ

ጥር 24

ለጋሼ፤

ሰላምታውን ለሁላችሁም በየተራ አድርስልኝ፤ ዛሬ ቸኩያለሁ።

የባልደረባህን ነገር ለአማካሪዋ ነገርኳት። ጥያቄ እየተጻፈ በፖስታ የሚላክ መድኃኒት አይደለም ብላ ሳቀችብኝ። ከሁሉ በፊት የአእምሮ ሐኪም ይየው አለች፤ እናንተ ዘንድ ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ አይጠፋም። እስከዚያው የሚያምነው ሰው አጠገቡ ይቀመጥና «ምን ሆነህ ነው?» ሳይሆን «ምን አየህ? ምን ሰማህ? አሁን ሰውነትህ የት ላይ ነው የሚሰማህ?» ይበለው። ካልፈለገ አያስገድደው። ምክር አይምከረው። «አይዞህ፣ ያልፋል» ብሎም አፉን አያስዘጋው። እስኪሻለው ድረስም አይንዳ። ይሄን ሦስቴ ነው የደጋገመችልኝ።

እኔ ከሰኞ ጀምሮ መንዳት ጀምሬያለሁ። አጭር መስመር ነው፤ አንድ ባልደረባ ከጎኔ ይቀመጣል።

ጋሼ፣ ለባልደረባህ ሌላም መልእክት አለኝ። ለሚስቱ ይንገራት። ወንድም ካለውም ለወንድሙ ይንገረው።

ትንሹ

የካቲት 30

ለትንሹ፤

ፈጣሪ ሰላሙን ይስጥህ። ባልደረባው እኔ ነኝ። አውቀህ ነው ዝም ያልከው፤ ለዚህም አመሰግንሃለሁ።

ሻምበል ምሳ ሰዓት ላይ ጋራዥ ውስጥ የቆመ አውቶቡስ ላይ አስወጣኝ። የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። የጻፍክልኝን እሱን ልጠይቀው ነበር ሐሳቤ፤ እሱም ብዙ ያየ ሰው ነው። ወረቀቱን ከእጄ ቀማኝና ራሱ ጠየቀኝ። «ምን አየህ?» አለኝ። ነገርኩት።

አንተ በሄድክ በመጀመሪያው ክረምት ነው። ዝናቡ መጥረጊያውን አሸንፎት ነበር። ከቆሙ የጭነት መኪናዎች መሀል አንድ ሰውዬ ራሱን በጋዜጣ ሸፍኖ፣ አንድ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ወጣ። ሊሳፈር ነበር የሚሮጠው። የኔን አውቶቡስ ሊይዝ። ያየኝም ይመስለኛል፤ እጁን ያነሳው እንድቆምለት ነበራ። አልደረስኩለትም። የሞተው እዚያው ነው። ጋዜጣው መስታወቴ ላይ ተለጥፎ ቀረ፤ ከዝናቡ ጋር እየራሰ ሲፈርስ አየዋለሁ።

ፖሊስ ጥፋት የለብህም አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ስገባ ያው አውቶቡስ ታጥቦ ጠበቀኝ። ፊሽካ ቁልፉን ወረወረልኝ፤ ቀለብኩት። ያን ቀን ያንኑ መንገድ ስንቴ እንደተመላለስኩበት አልነግርህም። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ትንሽ ግጭት ነው አልኳት። አንተም ስትደውል ትንሽ ግጭት ነው አልኩህና ስለ ብርዱና ስለ ካልሲህ ጠየቅሁህ። ከዚያ ወዲህ ፌርማታ ላይ እጁን የሚያነሳ ሰው ሁሉ እሱ ነው። ሥራዬ ደግሞ እጁን ለሚያነሳ ሰው መቆም ነው።

የቀናሁብህ ለዚህ ነው። ወንበሩን ብቻ አይደለም። ቁልፉን ከእጅህ የተቀበለህን አለቃ ብቻ አይደለም። ያንተዋ ተርፋለች። ሆስፒታል ሄደህ ልትጠይቃት ትችላለህ። «እግርሽ እንዴት ነው?» ልትላት ትችላለህ። ይህን ሳስብ ጥርሴን ነክሼ የዋልኩበት ቀን አለ። በገዛ ወንድሜ። እግሯ ተሰብሮ በመትረፏ።

አሁን ምን እንደማደርግ አላውቅም። «አሞኛል» ብል ፊሽካ ቁልፌን ለሌላ ይሰጣል፤ የነርቭ በሽተኛ የተባለ ሾፌር ደግሞ መንጃ ፈቃዱ ይቀራል ይላሉ። ዝም ብል ደግሞ ቀጣዩ የሚሮጥ ሰው አለ።

ወንድምህ

መጋቢት 10

ለጋሼ፤

ዛሬ ሰላምታ የለኝም።

ለሻምበል ነገርከው። ከሻምበል ቀጥሎ ለኔ። ስንት ዓመት በስልክ ስናወራ ኖረናል? ስለ ካልሲዬ! እኔ እዚህ ለማላውቃት ሴት፣ በማላልምበት ቋንቋ፣ ሆዴን ዘርግፌ ስነግር፣ አንተ እዚያ በእናትህ ልጅ ትቀና ነበር። እኔ ደግሞ በሻምበል ቀናሁ። አዎ፣ በሽማግሌ ሾፌር። የኋላ ወንበር ላይ አጠገብህ መቀመጥ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

እግሯ የተሰበረውን ሴትዮ ላልከኝ፣ ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄያታለሁ። በመጀመሪያው ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። በሁለተኛው ውሃ አቀብለኝ አለችኝ። በዚህ ቅና፤ መብትህ ነው።

ቁልፉን መልስ፣ ጋሼ። መንጃ ፈቃዱ ይቅር። ሌላ ሰው እጁን አንስቶ ሳይመጣብህ መልሰው።

ትንሹ

ግንቦት 18

ለወንድሜ፤

ቁጣህ ደርሶኛል፤ ሰላምታ የሌለው ደብዳቤም ደብዳቤ ነው። እኔ ግን አልነፍግህም። ጤና ይስጥህ፣ እንጀራህን አያሻክርብህ፣ የያዝከው መንገድ ሁሉ ያግባህ። የዘገየሁት ነገሩ መልክ እስኪይዝ ስጠብቅ ነው።

ደብዳቤህን ባነበብኩ ማግስት ቁልፌን ፊሽካ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። «አሞኛል» አልኩት። «ውሃ ጠጣበት» አለኝ። «ጭንቅላቴን ነው፤ ሰው ገድዬ በማግስቱ አስነድተኸኛል» አልኩት። ፊሽካው ከአፉ ወደቀ። ደንግጦ አይደለም፤ ተናዶ ነው። «ነገ ካልገባህ በቦታህ ሌላ ሰው አለ» አለኝ።

በማግስቱ አልገባሁም። ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ «ለዚህ ነው እንዴ ዝናብ ሲጥል የምትቆጣን?» አለችኝና ነጠላዋን ደርባ ሆስፒታል ይዛኝ ሄደች። ሐኪሟ አንተ የነገርከኝን የሚመስሉ ጥያቄዎች ጠየቀችኝ። ወንበሩ ሁለት አልነበረም፤ አግዳሚ ነው፣ ከውጭም ሰው ይጮሃል። ግን ጠየቀችኝ። እስኪሻለኝ እንዳልነዳ ጽፋ ማኅተም መታችበት።

እኔ ቤት ተቀምጬ ሻምበል ሾፌሮቹን ሰብስቦ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ይዟቸው ገባ። እኔንም አስጠሩኝ። ፊሽካም ነበር። ሥራ አስኪያጇ የሐኪሟን ወረቀት አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ «ይሄ የአንድ ሰው ጉዳይ ነው ወይስ የሁላችሁ?» አለች። አልቆልኛል ብዬ ነበር። ሻምበል «አደጋ ደርሶበት በማግስቱ የነዳ እጁን ያውጣ» አለና የራሱን አወጣ። አንዱ ተከተለ፣ ሌላው ተከተለ። በሕይወታችን አብረን ስንበላ፣ ስንቀልድ፣ ስንሰዳደብ የኖርን ሰዎች ነን፤ አንዳችን የሌላውን አናውቅም ነበር። በመጨረሻ ፊሽካ፣ ማንንም ሳያይ፣ እጁን አወጣ። ለካ እሱም በወጣትነቱ ሾፌር ነበር። ወደ ስምሪት የገባውም ለዚሁ ኖሯል።

አሁን ደንብ አለን። እንዳንተው አገር አይደለም፤ ግን አለን። አደጋ የደረሰበት ሾፌር ቁልፍ ይመልሳል፣ በሥራ ሰዓቱ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፣ ሲመለስም ብቻውን አይነዳም። እኔ ገና መሪ አልያዝኩም። እስከዚያው አጃቢ አድርገውኛል፤ የሚመለሱት ሾፌሮች አጠገብ እቀመጣለሁ።

አሁን የምነግርህ ለምን እንደጻፍኩልህ ነው። አንዲት አዲስ ሾፌር አለችን። የወንበሩን ቀበቶ ለምሳ እንኳ ስለማትፈታው ቀበቶ እንላታለን። ባለፈው ወር አንድ ሞተር ሳይክል ከጎን ገብቶባት ተጋጨ፤ ነጂው ልጅ ክፉኛ ተጎዳ። ፊሽካ እኔን አስከትሎ ራሱ ቦታው ድረስ ሄደ። ቁልፉን ከእጇ ተቀብሎ «ዛሬ አትነጂም፤ ነገም አትነጂም። ቤትሽ የሚያደርስሽ ሰው አለ» አላት። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ያችን ቃል ለማስባል ሥራዬን አስይዤባታለሁ፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ታዲያ ደስ አለኝ መሰለህ? ቀናሁ፣ ትንሹ! እንደ ሕፃን ቀናሁ። ለኔ ወርውሮልኝ ለሷ ከእጇ ተቀበለላት። አውቶቡሱ ጀርባ ሄጄ ጎማውን ተደግፌ አለቀስኩ። ያየኝ መካኒክ አዝኜላት መስሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

በሚቀጥለው ሐኪሟ ዘንድ ስሄድ ነገርኳት። «ለራስህ ያላገኘኸውን ለሰው ስትሰጥ እጅህን ያቃጥልሃል» አለችኝ። «ይበርዳል?» አልኳት። «ስጥና እየው» አለችኝ።

ትናንት ቀበቶ ወደ ሥራ ተመለሰች። አጃቢዋ እኔ ነበርኩ። ከፊት፣ ከሷ ጎን ተቀመጥኩ። ከመስታወቱ ዓይኗን አታነሳም። ተሳፋሪ ጫንን። ፌርማታ በፌርማታ እየቆምን ሄድን። የሷ ቦታ ላይ፣ አደጋው የደረሰባት ጋ፣ ስንደርስ ዝም አልኩ፤ ምክር አትምከር ተብያለሁ። እሷ ቀዝቀዝ አደረገች፣ ግራ ቀኝ አየች፣ አለፈች። ጥሩ ነው። የኔ ቦታ ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለው መታጠፊያ ነው። ይህን እሷ አታውቅም። የጭነት መኪናዎቹ እንደድሮው ተደርድረዋል። ከመሀላቸው አንድ ሰው እጁን አንስቶ ወጣ።

እግሬ ወለሉን ረገጠው፤ በሙሉ ኃይሌ፣ ቡጥ እስኪል። ሁለት እጄም ፊት ለፊቴ ያለውን ብረት ጨብጧል። እሷ ግን ቀደም ብላ አይታው ኖሮ በቀስታ ጠጋ ብላ ቆማለታለች። ሰውየው ዘሎ ገባ። «ተባረኪ ልጄ» ብሏት ትኬቱን ቆርጦ ተቀመጠ። እርጥብ አልነበረም። ጋዜጣም አልያዘም። ጉንፋን ይዞት ያስላል።

ቀበቶ እግሬን አየችው። «ጋሼ፣» አለችኝ፣ «እዛ ጋ እኮ ፍሬን የለም።»

መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ከዚያ እሷ። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ተሳፋሪው ምን ነካቸው እያለ ያየናል፤ ትኬት ቆራጯ «ሂዱ እንጂ!» ትለናለች። ያ ሰውዬ ከኋላ ሆኖ አብሮን ይስቃል፣ ለምን እንደሚስቅ ሳያውቅ። ቤት እስክደርስ ድረስ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን ቤት ደረስኩ።

ሻምበል ማታ ዴፖ በር ላይ ጠብቆ «እንዴት ዋላችሁ?» አለኝ። «ደህና» አልኩት። ይህን ለሱ አልነገርኩትም። ለባለቤቴም ገና ነው። ሐኪሟም የምትሰማው ረቡዕ ነው። መጀመሪያ የሰማኸው አንተ ነህ።

ወንድምህ